«እናንተ አላያችሁትም!»

በመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ የእግር ኳስ ክርክር የሚዘጋው በሁለት ቃል ነው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። አርሴናል ተጫውቶ ያበቃል፣ ወጣቶቹ የጃኬታቸውን ዚፕ እስከ አገጫቸው ስበው «ሜሲ ይበልጣል»፣ «የለም ሮናልዶ» እየተባባሉ ለመውጣት ይነሣሉ። ይሄኔ ጥግ ላይ ባናቸውን ተከናንበው የሻይ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ያቀፉ አንድ ጋሼ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ምን ሜሲ ሜሲ ትላላችሁ? እኛ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አሥራ አንደኛ ቢ የነበረውን ልጅ ብታዩት!»

«ጋሼ፣ ከሜሲ ይበልጣል እንዳይሉን ብቻ!»

«እናንተ አላያችሁትም!»

አለቀ። ለዚህ መልስ የለውም። አለማየታችን እውነት ነውና። ሜሲን ያየው ቢሊዮን ሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ቢሊዮን ሕዝብ ሊያማው ይችላል። የአሥራ አንደኛ ቢውን ልጅ ያዩት ግን ጋሼና ጥቂት እኩዮቻቸው ብቻ ናቸው። ከነሱም ከፊሉ አዲስ አበባ ገብቷል፣ ከፊሉ ዓረብ አገር ሄዷል፣ ከፊሉም ነፍስ ይማር። ምስክር በቀነሰ ቁጥር ተጫዋቹ እየጎበዘ ይሄዳል። ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም፤ በየሻይ ቤቱ ሲሠራ ግን አይቻለሁ።

ልብ ካላችሁ፣ በሕይወት ዘመናችን ያየነው ታላቁ የትምህርት ቤት ተጫዋች ሁልጊዜ ከኛ ሁለት ክፍል የሚቀድም ነው። እኩያህን ማድነቅ አትችልም፤ ሒሳብ ሲኮርጅህ አይተኸዋል። ከአንተ በታች ያለውንም አታደንቅም፤ እሱ ሲነሣ አንተ የመልቀቂያ ፈተና አስጨንቆህ ሜዳ መውጣት ትተሃል። ሁለት ክፍል የሚቀድምህ ግን ሌላ ነው። ጢም ማብቀል ጀምሯል፣ ልጃገረዶች ስሙን ያውቁታል፣ አንድ ቀን ኳስ አቀብለኸው «አመሰግናለሁ» ብሎሃል። ከዚያ በኋላ ፔሌ ራሱ ቢመጣ ምን ሊያደርግልህ ነው?

ሌላም ነገር አለ። ጎሎቹ ያድጋሉ። የዛሬ ሃያ ዓመት ከአሥራ ስድስት ከሃምሳ ጠርዝ የተመታች ኳስ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸች፣ ዘንድሮ ከመሐል መስመር አልፋ ከመቺው ከራሱ በረኛ እግር ሥር ተነሥታለች። ያኔ ሦስት ተከላካይ ያለፈ ልጅ ባለፈው ፋሲካ ስድስት አለፈ፤ በሚመጣው ፋሲካ ዳኛውንም ያልፋል። አንድ ጊዜ አንድ አጎቴ ስለ አንድ ምት ሲያወሩ «መረቡን ቀድዳ ወጣች» አሉ። ከጎናቸው የተቀመጠ የዘመናቸው ሰው ቀስ ብሎ፣ «መረብ መቼ ነበረን?» አላቸው። አጎቴ ጥቂት አሰቡና፣ «ብትኖር ትቀድ ነበር» ብለው ቀጠሉ።

መረብ ያልነበረን መሆኑ እውነት ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ይተከላል፣ አግዳሚ ከተገኘ ይጋደምበታል፣ ካልተገኘ የጓሳ ገመድ ይወጠርበታል። ጓሳ የአገራችን ሣር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ትልቅ ሕዝባዊ ጥብቅ ሥፍራም አለው፤ ለእግር ኳስ ስላደረገው አስተዋጽኦ ግን የጻፈለት የለም። ገመዱ በረኛው ሲዘል ይረግባል፣ ነፋስ ሲመጣ ይነሣል። ስለዚህ ከፍ ብላ የመጣች ኳስ ጎል መሆን አለመሆኗን የሚወስነው ነፋሱ ነበር። ከጎን የሄደችውንም በሚመለከት ሁለቱ ወገኖች መስማማት ሲያቅታቸው ከጎሉ ጀርባ በጎቻቸውን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ይጠየቃሉ።

«አባባ፣ ገባች ወይስ ወጣች?»

«እኔ በጌን ነበር የማይ» ይላሉ። ከዚያም የሁሉንም ፊት አይተው ያዝኑና፣ «ይችኛዋን ለእንግዶቹ ስጧቸው፤ ከሩቅ ነው የመጡት» ብለው ይፈርዳሉ። በዚህ ዓይነት ፍርድ ዋንጫ የበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገር የለም ማለቴ አይደለም፤ በሌላ አገር የሚጽፍ ሰው አለ ማለቴ ነው። ጃፓኖችን ውሰዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻቸው አገር አቀፍ የእግር ኳስ ውድድር በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሰሞን ይካሄዳል፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ ስታዲየም ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2009 መባቻ በተጠናቀቀው ውድድር ዩያ ኦሳኮ የሚባል የካጎሺማ ጆሴይ ተማሪ 10 ጎል አገባ። በአንዱ ጨዋታ የተሸነፈው ቡድን አምበል መልበሻ ቤት ገብቶ እያለቀሰ፣ ያ ልጅ የተለየ ፍጥረት መሆኑን ለጓደኞቹ ሲናገር ካሜራ ቀረጸው። ልቅሶው አገር አዳረሰ። ኦሳኮ የዚያን ዓመት ዋንጫ እንኳ አልበላም፤ በፍጻሜው ትምህርት ቤቱ 3 ለ 2 ተሸንፏል። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በሩሲያው የዓለም ዋንጫ ጃፓን ኮሎምቢያን 2 ለ 1 ስታሸንፍ የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው እሱ ነበር። ደጋፊዎቹም ያንን የአምበሉን የልቅሶ ቃል ከልጁ መልክ ጋር በሰፊ ጨርቅ ላይ ጽፈው ስታዲየም ይዘው ገብተዋል።

እኛም ዘንድ የተሸነፈ አምበል ያለቅሳል። ከሞላሌ የመጣ አምበል ከጎሉ ግንድ ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረጸው ግን የለም፤ አልፎ ይሄድ የነበረ አንድ ሰው ብቻ፣ «ሰው ሞተበት እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ስለ ሜዳው ካነሣሁ አይቀር ስለ አየሩም ልበል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2500 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ አገደ። ቦሊቪያዎች ጮኹ፤ ፕሬዚዳንታቸው ኤቮ ሞራሌስ ሳይቀሩ ሳጃማ ተራራ ላይ ወጥተው ኳስ ተጫወቱ። ፊፋም መጀመሪያ ወሰኑን ወደ 3000 ሜትር ከፍ አደረገ፣ በዓመቱ ደግሞ እገዳውን አነሣው። እንግዲህ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ፣ ወሰኑ ከፍ ካለም በኋላ ቢሆን፣ የኛ ትምህርት ቤት ሜዳ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ማስተናገድ አይችልም ነበር። መረቡና አግዳሚው ባይኖርም ችግሩ ከፍታው ነበር ማለት ነው! ፊፋ ግን የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። እገዳው በተነሣ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2009፣ ማራዶና አሠልጣኝ ሆኖ፣ ሜሲ ሜዳ ላይ እያለ፣ አርጀንቲና ላ ፓዝ ላይ በቦሊቪያ 6 ለ 1 ተቀጣች። አየሩ ሲሳሳ ለእንግዳ ሳንባ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ኳሷም የሚያግዳት አየር ስለሚቀንስ ከለመዱት ፈጥና ትበራለች፣ እምብዛም አትታጠፍም። ከቆላ የሚመጣ በረኛ እጁን ሲዘረጋ ኳሷ አልፋ ከገብስ ማሳው ውስጥ ናት።

ይህን ሳይንስ ያኔ አናውቀውም፤ ጥቅሙን ግን እናውቀው ነበር። እንግዳ ቡድን ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የምናየው እግሩን ሳይሆን አተነፋፈሱን ነው። ሲያዛጋ ካየነው ደስ ይለናል። የሳንቲም ዕጣ የወጣለት የኛ አምበልም ጎል አይመርጥም፣ ነፋስ ነው የሚመርጠው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ጠዋት ላይ ውርጩ ሜዳውን አንጥፎ ይጠብቃል፤ በኮንጎ ጫማ የሚጫወት ይንሸራተታል፣ በባዶ እግሩ የሚጫወት እግሩ የራሱ መሆኑን የሚያውቀው ወደ አራት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ስትሞቅ ነው። ሣሩን የሚያጭዱት በጎቹ ናቸው። የመንዝ በግ ሥራውን ያውቃል፤ ከሥር ነው የሚግጠው።

ጉሙስ? ጉም የወረደ ቀን የሚደረግ ጨዋታ የተለየ ነው። የትምህርት ቤታችን የምንጊዜም ታላቅ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ዝናውን ያገኘው በጉም ውስጥ ነው። ኳሷን ይዞ ከፊታችን ይነሣል፣ ጉሙ ይውጠዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ከዚያ ማዶ «ጎል!» የሚል ጩኸት ይሰማል። በመካከሉ ምን እንደሠራ ያየ የለም። ሆኖም ስንት ሰው እንዳለፈ፣ የትኛውን በየትኛው አብዶ መሬት እንዳስያዘው ሁላችንም እንናገራለን። አንዴ የተቃራኒውን ቡድን ተከላካይ ደብረ ብርሃን አግኝቼ ስለዚያ ቀን ጠየቅሁት። «ማንም አላለፈኝም፤ እኔም አላየሁትም» አለኝ። ለኛ ይህ ማስረጃ ነው። ልጁ ሳይታይ ነው ያለፈው።

የዕድሜውን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ታማኝነቴ ይጎድላል። በገጠር ትምህርት የሚጀመረው ከብት ጠብቆ፣ ታናሽ ወንድም ለእረኝነት እስኪደርስ ተጠብቆ ነው። በዚህ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ መድገም ይጨመርበታል። ስለዚህ «የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ» የሚለው ስያሜ ሰፊ ነው፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅም ይይዛል፣ ግብር የሚከፍል አባወራም ይይዛል። ከአንድ ወረዳ የመጣ የመሐል ተከላካይ ነበር፤ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሕፃን ልጅ እየሮጠ ገብቶ እግሩን አቀፈው። «ታናሽ ወንድሜ ነው» አለ። ሕፃኑ «አባዬ፣ እኔም ልጫወት» አለ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ምን ያድርግ? የኛም አምበል ቢሆን ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር።

የቅጽል ስሙስ ነገር! በያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ፔሌ፣ አንድ ማራዶና ነበረ። እነዚህን ስሞች ያወጣላቸው ብዙው ሰው ፔሌንም ማራዶናንም አላየም፤ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ወሬው ነው የደረሰው። በመሠረቱ ፔሌ እ.ኤ.አ. በ1958 ስዊድን ላይ በፍጻሜው ሁለት ጎል ሲያገባ 17 ዓመቱ ነበር፤ በኛ ስሌት ገና ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ያውም ካልደገመ።

አሁን፣ የሁለት ክፍሉን ሕግ ቢያፈርስብኝም፣ ወደ ራሴ ሰው ልምጣ። «እናንተ አላያችሁትም» የማለት ተራው የኔ ነው።

ልጁ ከወንጭት በኩል፣ ከቆላው ነው የመጣው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርባቸው ስላልነበረ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ፣ ከሦስት ልጆች ጋር አንድ መደብ ተጋርቶ ነበር የሚማረው። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ስንቅ ለማምጣት ወደ አገሩ ይወርዳል፤ እሑድ ማታ የማሽላ እንጀራውን፣ ሽሮውንና ቆሎውን ተሸክሞ ይመለሳል። መንገዱ በእግር ነው፤ መውረዱ ጉልበት ይፈትናል፣ መውጣቱ ደግሞ ነፍስ።

የስፖርት መምህራችን ያገኙት በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ነው። ሜዳውን ዙሩ ሲባል ልጁ ሩብ ዙር ሄዶ ቆመ። የደጋው አየር ከሳንባው ጋር አልታረቀም። መምህሩ «ለኳስ የማይሆን» ብለው ስሙን ሊያልፉት ሲሉ አንዲት ኳስ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ወደሱ ተንከባለለች። አልሮጠላትም። ጠበቃት፣ በውስጥ እግሩ አበረዳት፣ ቀና ብሎ አየና ወዲያ ማዶ ጥግ ላይ ብቻውን ለቆመ ልጅ ላካት። ኳሷ ልጁ እግር ሥር ደርሳ ቆመች። መምህሩ የስም መጥሪያውን መልሰው ከፈቱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቡድናችን ተለወጠ። እኛ ደገኞች መሮጥ እንጂ ማየት አናውቅም ነበር። ኳስ ወደ ሄደበት አሥራችንም እንሄዳለን፤ በረኛው እንኳ አንዳንድ ጊዜ ይከተለናል። እሱ መሮጥ ስለማይችል ማየት ነበረበት። አሥር ቁጥር ለብሶ ክቡ መሐል ይቆማል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ይላል፣ ኳሷ እሱ ጋ ስትደርስ ወዴት እንደምትሄድ አስቀድሞ ወስኗል። የሚሰጠው ደግሞ ለሰው አይደለም፤ ባዶ ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ባዶ ቦታ ላይ ሲሰጥ ሜዳው ዳር የተኮለኮለው ሕዝብ ይስቅ ነበር። አንድ አባት ጮክ ብለው «ለማን ሰጣት?» አሉ። ሳቁ ሳያልቅ የቀኝ ክንፋችን ከተከላካዮቹ ጀርባ ወጥቶ ኳሷን አገኛትና አገባት። በሚቀጥለው ጨዋታ ሕዝቡ ነገሩ ገባው። ልጁ ኳስ ባቀበለ ቁጥር ዳር ያለው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ለማን ሰጣት?» ብሎ ይጠይቃል፣ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፣ መልሱ እየሮጠ ይመጣል። የተቃራኒው ቡድን በረኛም ይህን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱ ይገረጣ ነበር።

ችግሩ ቅዳሜ ነው። ትልልቅ ጨዋታዎች ቅዳሜ ናቸው፤ ቅዳሜ ደግሞ እሱ ስንቅ ፍለጋ ወንጭት ቁልቁለት ላይ ነው። ለግማሽ ፍጻሜ ሞላሌዎች ይመጣሉ በተባለ ሳምንት ሐሙስ ዕለት የክፍል አለቃችን ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመ። «ቆሎው አልቋል» አለ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገም። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ እንጀራ፣ የቻለ ሽሮ፣ ያልቻለ አንድ እፍኝ ቆሎ እንዲያመጣ ተወሰነ። እኔም ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት።

«እንጀራው ለማን ነው?»

«ለአሥር ቁጥር ነው፣ እማዬ።»

«ወላጅ የለውም?»

«አለው። ግን ቅዳሜ ጨዋታ አለበት።»

እናቴ እግር ኳስ የሚባለውን ነገር እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ የጫማ ጠላት ነው ያለችው። ሆኖም ሦስት የገብስ እንጀራ ጠቀለለች፣ በላዩ የሽሮ ዱቄት ቋጠረች። ከበር ከወጣሁ በኋላም ጠርታ መለሰችኝና በትንሽ ብልቃጥ ቅቤ ጨመረች። «የሰው ልጅ ነው። ብርድ ይመታዋል» አለች።

በማግስቱ ክፍላችን ጥግ ላይ የተከመረው ስንቅ አንድ ቤተሰብ ለአንድ ወር ያስተዳድራል። ልጁ አየውና አንገቱን ደፋ። ከዚያ ተከራይተው ከሚኖሩት ጓደኞቹ ጋር ተካፈለው። ከነሱ አንዱ የዘመሮ ልጅ ነበር፤ በሩብ ፍጻሜ ያሸነፍነው የዘመሮን ቡድን ነው። በላ፣ ጣቱን ላሰ፣ «አሁንም ኦፍሳይድ ነበር» አለ።

ዛሬ ተጫዋች በሚሊዮን ዩሮ ተዛወረ ሲባል ስሰማ እኔ የማስበው ያንን ክምር ነው። መሐል ሜዳ ውስጥ ያየሁት ብቸኛ የተጫዋች ክፍያ ያ ነው፤ በእንጀራ፣ በቆሎና በአንድ ብልቃጥ ቅቤ የተፈጸመ። ደላላም አልነበረበትም።

ሞላሌን አሸነፍን። ስንት ለስንት እንደሆነ ከሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ውጤት ስለሰማሁ ትቼዋለሁ። ያ ያለቀሰው አምበል የዚያን ቀኑ ነው።

ከዚያ ዞን ነበር። ከየወረዳው የተመረጡ ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ፤ ከዚያ ክልል፣ ከክልል አገር አቀፍ። መንገዱ በወረቀት ላይ ሲታይ ደረጃ ነው፣ አንዱን ረግጠህ ወደሚቀጥለው የምትወጣበት። በእውኑ ግን ተጫዋቹ በአይሱዙ ጀርባ ላይ ቆሞ፣ በጣርማ በር ጉምና ጠመዝማዛ ተንገላቶ፣ ሆዱ ተገልብጦ ይደርሳል፤ በማግስቱ ጠዋት ይጫወታል፤ ከተሸነፈ ከሰዓት በኋላ በዚያው አይሱዙ ይመለሳል። የኛ ልጅ መልማዮች ፊት የቀረበው እንዲህ ሆኖ ነው። መልማዮቹ የሚፈልጉት ሯጭ፣ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ልጅ ነበር። እሱ መሐል ላይ ቆሞ ባዶ ቦታ ላይ ኳስ ሰጠ። የኛ ክንፍ በመኪና ታሞ ተቀይሮ ነበርና የሚሮጥላት አልተገኘም። አጠገቤ የቆመ የማላውቀው ሰው፣ «ለማን ሰጣት?» አለ። በዚያ ሜዳ ላይ ጥያቄው መልስ አላገኘም።

ማንም አልበደለውም። የአገራችን እግር ኳስ ታሪክ ራሱ ሜዳና ክለብ ጎረቤት በሆኑበት የተጻፈ ነው። ይድነቃቸው ተሰማ፣ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ማልያ ያጠለቀው ገና 14 ዓመቱ ሳለ ነው፤ ክለቡም በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያው አዲስ አበባ፣ አራዳ ነው። ያ ልጅ አድጎ ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፆችን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ቡድን መራ፤ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያ ፍጻሜ አራተኛዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ጎንደር ተወልዶ ነው ለጊዮርጊስ የበቃው። መንግሥቱን ያዩ ሽማግሌዎች አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም «እናንተ አላያችሁትም» ይሉናል፤ እነሱ ግን ቢያንስ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል እንዳገባ የሚናገር መዝገብ አላቸው። በቅርብ ዘመን ደግሞ አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል ሲያገባ ሊጉ በዲኤስቲቪ መታየት የጀመረበት ዓመት ነበር። መሐል ሜዳም ሆነን አየነው። እሱን በሚመለከት «አላያችሁትም» የሚል ሽማግሌ ወደፊት አይኖርም፤ ይህ ለልጁ መልካም ነው፣ ለሻይ ቤት ወሬ ግን ጉዳት።

ሎዛ አበራን ሳስብ ደግሞ የራሳችን ሴቶች ትዝ ይሉኛል። ሎዛ ከከምባታዋ ዱራሜ ተነሥታ፣ በሐዋሳና በደደቢት አልፋ፣ ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫውታለች። እኛ ሜዳ ዳር ጀሪካን ይዛ የምታልፍ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ ኳስ ወደሷ ሲወጣ ጀሪካኗን ሳታወርድ መትታ ትመልስልን ነበር። ካልቾዋ ከኛ ከአሥራ አንዳችን የበለጠ ቀጥ ያለ ነበር። «ግቢና ተጫወቺ» ያላት ሰው ግን አላስታውስም። ውኃው ይጠበቅ ነበር።

ባለ አሥር ቁጥሩ የአሥረኛ ክፍል ፈተናውን ወሰደ፣ መደቡን ለሌላ ተከራይ ለቀቀ፣ ወረደ። አሁን ገበሬ ነው። አልፎ አልፎ ፍየል ሊሸጥ ወደ ከተማ ይወጣል። አንድ ጊዜ አግኝቼው ስለ ሞላሌው ጨዋታ ባነሣበት ፈገግ ብሎ የማዳበሪያ ዋጋ ጠየቀኝ። እኔ ግን አጠገቡ ለነበረው ልጁ ነገርኩት፤ አባቱ ምን ዓይነት ተጫዋች እንደነበረ፣ ሕዝቡ ምን ይል እንደነበር። ልጁ አባቱን ከእግር እስከ ራሱ አየውና «አባዬ ኳስ ይችላል?» አለ። አባቱ «ይቀልዳል» አለው።

ሰሞኑን ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። በተዘጋ ትምህርት ቤት ታላቅ ተጫዋች አይበቅልም፤ ዘጠነኛ ክፍል ከሌለ ከሁለት ክፍል በታች ቆሞ የሚያደንቅም የለም። ያሉትን ትዝታዎች እንኳ ካልያዝናቸው ከኛ ጋር ያልፋሉ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየቤታችሁ፣ በአልበም ውስጥ ወይም ከመስተዋት ጀርባ፣ አሥራ አንድ ልጆች ግማሹ ቆመው ግማሹ ተንበርክከው፣ ፊት ለፊታቸው ኳስ አስቀምጠው የተነሡት ፎቶ አለ። አንዳንዱ ማልያው ለብቻው ነው፣ አንዳንዱ በአንድ እግሩ ታኬታ በሌላው ሸራ ጫማ አድርጓል። ዛሬውኑ ገልብጡትና ከጀርባው በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ ማን ማን እንደሆነ፣ ስንተኛ ክፍል እንደነበሩ፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ከማን ጋር እንደተጫወቱና ስንት ለስንት እንደወጡ። ጎሏ ከሃያ ሜትር የተመታች እንደሆነ ሃያ ሜትር ብላችሁ ጻፉ፤ አርባ የምትሆነው በራሷ ጊዜ ነው።